በጌም ውስጥ ያለ ቁመት ምን ይሰጠናል? ምንስ አይሰጠንም?



ስለ ጌም ወሬ ሲነሣ ወላጆቻችን የሚጠይቁን ሁለት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው «ስንት ሰዓት ተጫወታችሁ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የኢንተርኔቱን ሂሳብ ጨረሳችሁት?» የሚለው ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣ ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ እሱም «እዚያ ስክሪን ላይ የሚሮጠው ሰው ማነው? ለምንስ ይህን ያህል ረዘመ?» የሚል ነው። እኛ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀን የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት መጽሔታችን ይህን ሦስተኛ ጥያቄ ለመመለስ አስበናል።

በጀብራም ሆነ በሌላው የካርቱም ሰፈር፣ መብራትና ኔትወርክ በተገኘ ሰዓት፣ ብዙዎቻችን በስልክ ወይም በኮምፒውተር የምንጫወታቸው ጌሞች በመጀመሪያ የሚያዝዙን ነገር «ራስህን ሥራ» የሚል ነው። በተለይ ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ወስዶ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚያሳድግባቸው የኦንላይን ጌሞች ከመጀመራቸው በፊት ፊት፣ ፀጉር፣ የቆዳ ቀለም፣ ቁመትና የሰውነት መጠን ያስመርጣሉ። ታናናሾቻችን በዚህ ምርጫ ላይ ረጅም ሰዓት ሲቆዩ እናያለን። «ረጅም ካልሆነ ይሸነፋል» የሚሉ አሉ። «አጭር ከሆነ ይስቁበታል» የሚሉም አሉ። እውነቱ የትኛው ነው?

ቁመት የሚመረጥባቸው መንገዶች

ጌሞች ቁመትን የሚወስኑባቸው መንገዶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው መንገድ የፍጡሩ ዓይነት ቁመቱን የሚወስንበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ ጌም ተጫዋቹ ታውረን የተባለውን በሬ መሰል ግዙፍ ፍጡር ከመረጠ ግዙፍ ይሆናል፤ ኖም የተባለውን ከመረጠ ደግሞ ከታውረኑ ጉልበት እምብዛም አያልፍም። ቁመቱን በሴንቲ ሜትር የሚያስተካክልበት ቦታ የለም።

ሁለተኛው መንገድ የፍጡሩ ዓይነት ክልሉን ወስኖ በዚያ ክልል ውስጥ ተጫዋቹ እንዲመርጥ የሚፈቅደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ አዲስ ተሠርቶ የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 14 ይህን መንገድ ይከተላል። ላላፌል የተባሉት ትንንሽ ፍጡራን ከ87 እስከ 97 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው፤ አንድ ሜትር እንኳ አይሞሉም። ሮጋዲን የተባሉት ወንዶች ግን ከ213 እስከ 230 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ተጫዋቹ ከ0 እስከ 100 በተሰመረ መስመር ላይ ጣቱን ወይም ማውሱን ግራና ቀኝ እየሳበ በክልሉ ውስጥ ቁመቱን ይመርጣል። ይህ የሚሳብ መስመር በጌም ተጫዋቾች ዘንድ ስላይደር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጊልድ ዋርስ 2 እና በ2014 የወጣው ዘ ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይንም የቁመት ስላይደር አላቸው። በኤልደር ስክሮልስ የሰውነት መጠን የሚመረጠው በሦስት ማዕዘን ላይ ነው፤ አንዱ ጫፍ ጡንቻማ፣ ሌላው ቀጭን፣ ሦስተኛው ወፍራም ነው። ተጫዋቹ ነጥቧን ወደፈለገው ጫፍ ያስጠጋል።

ሦስተኛው መንገድ ሰፊ ነፃነት የሚሰጠው ነው። ከ2004 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ይሠራ የነበረው ሲቲ ኦፍ ሂሮስ ጀግናን ከ120 ሴንቲ ሜትር ገደማ እስከ 240 ገደማ ማድረግ ያስችል ነበር። ታናናሾቻችን በደንብ የሚያውቁት ሮብሎክስ ደግሞ በመቶኛ ይሠራል። ቁመት ከ90 እስከ 105 በመቶ፣ ስፋት ከ70 እስከ 100 በመቶ ማስተካከል ይቻላል። መነሻ ቁመቱን 160 ሴንቲ ሜትር ነው ብለን ብናስብ፣ በሮብሎክስ ማጠር የሚቻለው እስከ 144፣ መርዘም የሚቻለው እስከ 168 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። የስፋቱን ቁጥር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከስክሪኑ ጀርባ ምን ይሠራል?

ገጸ ባሕርዩ በስክሪን ላይ ሰው ይምሰል እንጂ ውስጡ የአጥንት አሠራር ነው። ሠሪዎቹ በመጀመሪያ አጽም ይሠራሉ፤ አከርካሪ፣ ክንድ፣ ጭን፣ ቅልጥም እያሉ። ከዚያ በአጽሙ ላይ ቆዳና ልብስ ያለብሱታል። መራመድ፣ መዝለል፣ ሰይፍ መሰንዘር የሚባሉት እንቅስቃሴዎች ሁሉ ለአጽሙ የተሰጡ ትእዛዞች ናቸው። ስላይደሩን ስንስብ ኮምፒውተሩ አዲስ ሰው አይሥልም። የአጥንቶቹን ርዝመት በአንድ ቁጥር ያባዛል እንጂ። ቁጥሩ 1.05 ከሆነ ሁሉም በ5 በመቶ ይረዝማል፤ 0.9 ከሆነ በ10 በመቶ ያጥራል።

ስለዚህ ቁመት በኢንተርኔት ወደ ጓደኛችን ስልክ የሚሄደው እንደ ሥዕል ሳይሆን እንደ ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር በአንድ ባይት ብቻ ይያዛል። የጓደኛችን ስልክ ቁጥሩን ተቀብሎ አጽሙን ራሱ ያባዛል። «ግዙፍ ገጸ ባሕርይ ኢንተርኔት ይበላል» የሚባለው ወሬ በዚህ ምክንያት ትክክል አይደለም። ዳታ የሚበላው ጌሙን ማውረድና በየጊዜው ማደስ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም በዓይን ይታያል። በአብዛኞቹ ጌሞች አጭሩም ረጅሙም በአንድ ፍጥነት ይሮጣሉ። እግሩ አጭር የሆነው ረጅሙ ላይ የሚደርሰው እንዴት ነው ቢሉ፣ እግሮቹ ቶሎ ቶሎ እንዲንቀሳቀሱ ይደረጋል፤ ወይም እግሩ መሬቱ ላይ ሲንሸራተት ይታያል። ፍጥነቱ የተወሰነው በጌሙ ሕግ ነው፤ የእግር ርዝመት አይጨምረውም፣ አይቀንሰውም።

ገደቡ ለምን ተቀመጠ?

«ነፃነት ከሆነ ለምን አሥር ሜትር አልሆንም?» ብሎ የሚጠይቅ ታናሽ ወንድም በየቤቱ አይጠፋም። ምክንያቶቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ በር አለ። የጌሙ ቤቶች፣ ዋሻዎችና ድልድዮች በተወሰነ ልክ የተሠሩ ናቸው። ሁለተኛ፣ ካሜራ አለ። ተጫዋቹ ዓለሙን የሚያየው ከገጸ ባሕርዩ ጀርባ ከተቀመጠ ካሜራ ነው፤ ግዙፍ ፍጡር ጠባብ ዋሻ ሲገባ ካሜራው ግድግዳ ላይ ይጋጫል ወይም የራሱ ጀርባ መንገዱን ይሸፍንበታል። ሦስተኛ፣ ልብስ አለ። ሰውነቱ ከመጠን ሲለጠጥ ክንዱ በእጅጌው አልፎ ይወጣል። አራተኛ፣ ሰላምታ አለ። ሁለት ገጸ ባሕርያት እጅ ለእጅ እንዲጨባበጡ ወይም እንዲተቃቀፉ ሲታዘዙ የቁመታቸው ልዩነት በጣም ከሰፋ አንዱ አየር ይጨብጣል።

አምስተኛውና ዋናው ምክንያት ፍትሕ ነው። በየገጸ ባሕርዩ ዙሪያ በዓይን የማይታይ ሣጥን አለ፤ ተጫዋቾች ሂትቦክስ ይሉታል። ጥይት ወይም ቀስት ያንን ሣጥን ከነካ ተመታ ይባላል። ሣጥኑ ከሰውነቱ ጋር የሚያድግና የሚያንስ ከሆነ ትንሹ ለመመታት ያስቸግራል፤ ትልቁ ደግሞ በቀላሉ ይመታል። ያን ጊዜ ሁሉም ለማሸነፍ ሲል ያጥራል። ይህ እንዳይሆን ብዙ ጌሞች ለሁሉም አንድ ዓይነት ሣጥን ይሰጣሉ፤ ወይም ገደቡን ያጠብባሉ። በሮብሎክስ ጌም የሚሠሩ ሰዎችም ከፈለጉ በራሳቸው ጌም ውስጥ ሁሉም ተጫዋች በአንድ መጠን እንዲገባ ማድረግ ይችላሉ።

ገደቡ ሲላላ ምን እንደሚሆን ያሳየ ዓለም አለ። ሊንደን ላብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈተው ሰከንድ ላይፍ ተጫዋቾች ሰውነታቸውንም ቤታቸውንም ራሳቸው የሚሠሩበት የኦንላይን ዓለም ነው። እዚያ ብዙ ሰው ራሱን ከሁለት ሜትር በላይ አደረገ። ካሜራው ከራስ በላይ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ቤት ሠሪዎችም ጣሪያውን ከፍ፣ በሩን ሰፋ ማድረግ ያዙ። በመጨረሻ በእውነተኛው ዓለም መደበኛ የሚባል ቁመት ይዞ የገባ ሰው በትልልቅ ወንበሮች መካከል ሕፃን መስሎ መታየት ጀመረ። ሁሉም ሲረዝም ማንም አልረዘመም፤ የረዘመው በሩ ነው።

ረጅም የሆነ ጠንካራ ነው?

በእውነተኛው ዓለም መጠን ሲጨምር ብዙ ነገር አብሮ ይለወጣል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳውን በሒሳብ ክፍል በተማርነው መንገድ እናስላው። 160 ሴንቲ ሜትርና 50 ኪሎ ግራም የሆነ ተማሪ በሁሉም አቅጣጫ በ1.2 ቢባዛ ቁመቱ 192 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ግን በ1.2 አይደለም የሚባዛው፤ 1.2 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው በ1.728 ነው። ስለዚህ 86.4 ኪሎ ግራም ይሆናል። ክብደቱን የሚሸከመው አጥንቱ አግድም ሲቆረጥ የሚታየው የገጽ ስፋት ደግሞ በ1.44 ብቻ ይባዛል። ግዙፍ እንስሳት እግራቸው ወፍራም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በጌም ውስጥ ግን ይህ ሕግ የለም። በፋይናል ፋንታሲ 14 አንድ ሜትር ያልሞላው ላላፌል ጋሻ ይዞ ከጓደኞቹ ፊት ቆሞ ዘንዶን መግታት ይችላል። ጉልበቱን የሚወስነው የደረሰበት ደረጃ፣ የያዘው መሣሪያና የተጫዋቹ ብልሃት ነው። የፍጡራኑ ዓይነት ጥቃቅን የነጥብ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል፤ የቁመት ስላይደሩ ግን ምንም አይጨምርም።

እንግዲህ ቁመት መቼ ነው የሚጠቅመው? ከራሳችን አካባቢ ሁለት ምሳሌዎች እንውሰድ። ማኑት ቦል በዚያን ጊዜ በአንዲቷ ሱዳን፣ ዛሬ በደቡብ ሱዳን በሚገኘው ቱራሌይ የተወለደ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። ቁመቱ 231 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ከረጅሙ ሮጋዲን ጋር እኩል ማለት ነው። በ1987 እና 88 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን በአሜሪካው ዋሽንግተን ቡሌትስ ቡድን አብሮት የተጫወተው መግሲ ቦግስ ደግሞ 160 ሴንቲ ሜትር ነበር። በመካከላቸው 71 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነበረ። የቅርጫቱ ቀለበት ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ላይ የተሰቀለ ስለሆነ በዚህ ጨዋታ ቁመት ይጠቅማል፤ ቦል የተወረወሩ ኳሶችን በአየር ላይ በመመለስ ስሙን አስጠራ። ነገር ግን ቦግስም በፍጥነቱና ኳስ በማቀበል ችሎታው በዚያው ሊግ 14 የውድድር ዘመን ቆየ።

ሁለተኛው ምሳሌ የሁላችን ኩራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ወርቅ ወሰደ። ኃይሌ 165 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቴርጋት ከ180 ይበልጣል። ሩጫው ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቀለበት የለውም፤ ያለው መሬት ላይ የተሰመረ መጨረሻ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቁመት በራሱ ኃይል አለመሆኑን ነው። ኃይል የሚሆነው ዓለሙ ከፍ አድርጎ የሰቀለው ነገር ሲኖር ነው። በጌም ውስጥ ቀለበቱን የሚሰቅሉት ሠሪዎቹ ናቸው፤ አብዛኞቹም ላለመስቀል መርጠዋል።

ግን ልባችን ይለወጣል

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ «ቁመት ጌጥ ነው» ብለን እንጨርስ ነበር። ይሁን እንጂ ኒክ ዪ እና ጄረሚ ቤይለንሰን የተባሉ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር አሳይቷል። ሰዎችን በዓይን ላይ በሚደረግ መሣሪያ ወደ ኮምፒውተር ዓለም አስገቧቸው። አንዳንዶቹ ከፊታቸው ከቆመው ሰው 10 ሴንቲ ሜትር ረዝመው፣ አንዳንዶቹ 10 ሴንቲ ሜትር አጥረው፣ ሌሎቹ እኩል ሆነው ራሳቸውን አዩ። ከዚያ 100 ዶላር እንዲከፋፈሉ ተጠየቁ። «75 ለእኔ፣ 25 ለአንተ» የሚል ፍትሐዊ ያልሆነ ክፍፍል ሲቀርብላቸው፣ አጥረው የነበሩት ከሌሎቹ በእጥፍ ገደማ በዝተው ተቀበሉት።

የሚያስደንቀው ፊት ለፊት የቆመው ሰው የቁመት ልዩነቱን አለማየቱ ነው። እሱ ሁሉንም የሚያየው በእኩል ቁመት ነበር። ስለዚህ ያሳነሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም፤ ራሳቸውን አጭር አድርገው ማየታቸው ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ነገር መልኩን እየለዋወጠ በሚታየው በግሪኮች ተረት ፍጡር ስም የፕሮቲየስ ውጤት ብለው ሰየሙት።

ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ትምህርት ነው። በየቀኑ ግዙፍ ሆነን ስንጫወት ድፍረት ሊሰማን ይችላል፤ መልካም። ነገር ግን ስልኩን ዘግተን መስታወት ፊት ስንቆም «እኔ ትንሽ ነኝ» ካልን፣ ያ ድፍረት የተበደርነው ነበር ማለት ነው። ለክፍል ጥያቄ እጅ ማውጣት፣ «ይህ ትክክል አይደለም» ብሎ መናገር፣ በሴንቲ ሜትር የሚገዛ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሮብሎክሱ ቁጥር እንመለስ። ቁመት ከመነሻው 5 በመቶ መጨመር ይቻላል፤ ስፋት ግን መቀነስ እንጂ ከ100 በላይ መጨመር አይቻልም። በዚያ ስላይደር መቅጠን ይቻላል፣ መወፈር አይቻልም ማለት ነው። ምክንያቱ የአሠራር ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሰውነቱ ሞላ ያለ ልጅ ራሱን ሊሠራ ሲገባ በዚያ ስላይደር ላይ ቦታ አያገኝም። ይህን ሳናስተውል «ሰው መሆን ያለበት እንዲህ ነው» የሚል ልክ በአእምሯችን እንዳይቀረጽ መጠንቀቅ ይገባናል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ስታር ዋርስ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ ከሚያቀርባቸው አራት የሰውነት ዓይነቶች አንዱ ወፍራም ነው፤ ወፍራሙም ጀግና ሆኖ ታሪኩን እስከ መጨረሻ ይጫወታል።

ለወላጆቻችን

ሁለት ነገር ልናሳስባችሁ እንወዳለን። አንደኛው፣ በጌም ውስጥ መጠን ዕድሜን አይናገርም። ሁለት ሜትር ከሠላሳ የሆነው ባለ ጺም ተዋጊ የአሥር ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ትንሿ፣ ቆንጆዋ፣ ሕፃን የምትመስለው ደግሞ ትልቅ ሰው ልትሆን ትችላለች። በሮብሎክስ ውስጥ በሚገኘው ብሩክሄቨን ተጫዋቾች እናት፣ ልጅ፣ ጎረቤት እየሆኑ የቤተሰብ ኑሮ ያስመስላሉ። ስለዚህ ልጃችሁ «እሱ እኮ ልጅ ነው፣ ትንሽ ነው» ሲላችሁ «በምን አወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ስም፣ የሰፈር አድራሻ፣ የትምህርት ቤት ስምና ፎቶ ለማንም የጌም ጓደኛ እንዳይሰጥ ምከሩት።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በአንዳንድ ጌሞች አንዴ የተመረጠ ቁመት በነፃ አይለወጥም። በፋይናል ፋንታሲ 14 ሰውነትን እንደገና ለመሥራት ፋንታዢያ የተባለ መድኃኒት መሰል ዕቃ ያስፈልጋል፤ ተጫዋቹ በታሪኩ ሂደት አንድ በነፃ ያገኛል፤ ሌላ ከፈለገ በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል። ከካርቱም ሆኖ በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ መክፈል አስቸጋሪ ስለሆነ ልጆች በማያውቁት ሰው በኩል ለማስከፈል ይፈተናሉ። ከዚያ ይልቅ መጀመሪያ ላይ ረጋ ብሎ መምረጥ ይሻላል። ከመረጡ በኋላም ያ ቁመት በድልና በሽንፈት ላይ ምንም እንደማይጨምር ማወቅ ይበቃል።

ለእኛ ለተማሪዎች

ጠዋት ሰልፍ ላይ በቁመት ተራ ስንቆም ከፊት ያለው ሁልጊዜ ከፊት አይቀርም። ሴቶች ልጆች ብዙ ጊዜ ከወንዶች ቀድመው ያድጋሉ፤ ወንዶች ዘግይተው ይደርሳሉ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ከሰልፉ ፊት የነበረ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ከኋላ ሊገኝ ይችላል። የዚህ ስላይደር በማናችንም እጅ አይደለም። በእጃችን ያለው አንደበታችን ነው። «ድንክዬ»፣ «ቀጭኔ»፣ «በርሜል» የሚሉ ቅጽል ስሞች ለተናጋሪው የአንድ ደቂቃ ሳቅ ናቸው፤ ለተቀባዩ ግን ከፊቱ የቆመ ሰው ባይለካው እንኳ ራሱን በራሱ እንዲያሳንስ የሚያደርጉ ናቸው። ጥናቱ ያሳየንም ይህንኑ ነው።

በጌም ውስጥ እንደፈለጋችሁ እርዘሙ፣ እንደፈለጋችሁ እጠሩ። ላላፌል ሆናችሁ ዘንዶ ግቱ፤ ታውረን ሆናችሁ ሜዳውን አቋርጡ። መጫወቻ ነውና ይፈቀዳል። በግቢያችን ውስጥ ግን ማንም ማንንም ከፍ ብሎ በተሰቀለ ቀለበት አይለካው።